ስለ ቅርፊት፦ ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ሰሞኑን የጠየቅሽኝ ጥያቄ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። «ጋሼ፣ የዛፍም ቅርፊት ይባላል፣ የመሬትም ቅርፊት ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው ወይስ ስማቸው ብቻ ነው የገጠመው?» ነበር ያልሽኝ። ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ጂኦግራፊ ባስተማርኩባቸው ዘመናት ጎበዝ ተማሪ ሲሰናከል ያየሁት በሚያውቀው ቃል ነው። ከባዱን ቃል ቁጭ ብሎ ያጠናዋል፤ የሚያውቀውን ግን አውቀዋለሁ ብሎ ያልፈዋል። ዩኒቨርሲቲ ከመግባትሽ በፊት በዚህ በአንድ ቃል ላይ ጊዜ እንድታጠፊበት እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ምክሬን በቁጥር አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

1. መጽሐፉን ከመክፈትሽ በፊት አጠና ተራ ሂጂ።

ከቤትሽ ሩቅ አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እዚያ ከሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጠና ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የአዲስ አበባ ጭቃ ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም የቆመው በእሱ ነው። እዚያ ቆመሽ ሰው አጠና ሲልጥ ተመልከቺ። ትኩስ የተቆረጠው ሳያስቸግር ይላጣል፤ ቅርፊቱ ረጃጅም ሆኖ እየተገሸለጠ ይወርዳል። የደረቀው ግን ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ እየተቆራረጠ ያደክማል። ምክንያቱን ሠራተኛውን ብትጠይቂው «እርጥብ ስለሆነ ነዋ» ይልሻል፤ እውነቱን ነው። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ካምቢየም የሚባል፣ በዓይን ለይቶ ለማየት የሚያዳግት ስስ ንጣፍ አለ። ሕዋሳቱ ለጋና ውሃ የሞላባቸው ስለሆኑ ገና ሲነኩ ይቀደዳሉ፤ ቅርፊቱ የሚለቀው በእነሱ በኩል ነው። ዛፉ የሚወፍረውም በዚሁ ንጣፍ ነው። ወደ ውስጥ እንጨት ይሠራል፤ ወደ ውጭ ቅርፊት ይሠራል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዢልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

2. የአማርኛውን ሀብት አትናቂው።

በእንግሊዝኛ ለዛፉ አንድ ቃል፣ ለመሬቱ ሌላ ቃል ስላለ አማርኛ የደኸየ መስሎ እንዳይታይሽ። አማርኛ የሚለየው በሌላ መንገድ ነው። የሙዝና የድንች ልጣጭ ነው፤ የቡና ፍሬ ገለፈት ነው፤ የዛፍ፣ የዓሣና የቁስል ግን ቅርፊት ነው። ልጣጭ በጣት ወይም በቢላ ተልጦ የሚጣል ነው። ቅርፊት ደረቅ ነው፤ ያለጊዜው ሲነሣ ከሥሩ ያለውን ያቆስላል። እናትሽ በልጅነትሽ «ቅርፊቱን አትንኪው» ስትልሽ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በኦሪት ሥርዓትም የሚበላው ዓሣ የሚለየው ክንፍና ቅርፊት ያለው በመሆኑ ነው።

የቃሉ መነሻ «ቀረፈ» የሚለው ግስ ነው። በሬዲዮ «ችግሩን ለመቅረፍ» ሲባል በሰማሽ ቁጥር ይኸው ግስ ነው የሚነገረው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቀረፋም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው፤ በዐረብኛው በኩል መጥቶ ነው እንጂ ዕቃው ራሱ የዛፍ ቅርፊት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም. የግእዝ መዝገበ ቃላትና የደስታ ተክለ ወልድን የ1962 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቤተ መጻሕፍት ገብተሽ ተመልከቻቸው። ሳይንስ ተማሪ ነኝ ብለሽ የመዝገበ ቃላት መደርደሪያ ሳታዪ እንዳትወጪ።

3. የዛፉን ቅርፊት የሞተ ሽፋን አድርገሽ አትዪው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ዛፍ ይገድላል። ቅርፊት ሁለት ክፍል አለው። የውጭው የሞቱ ሕዋሳት ክምር ነው፤ ውሃ እንዳይተን፣ ነፍሳት እንዳይገቡ፣ እሳት ቶሎ እንዳይደርስ ይከላከላል። የውስጠኛው ሕያው ነው፤ ፍሎየም ይባላል። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ወደ ሥር የሚያወርደው እሱ ነው። ውሃውን ከሥር ወደ ቅጠል የሚያወጣው ደግሞ እንጨቱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የዛፉን ቅርፊት ዙሪያውን ቀለበት አድርጎ ከላጠው ዛፉ ያን ዕለት አይደርቅም። ውሃው በእንጨቱ በኩል እየወጣ ስለሚቀጥል ቅጠሉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ለምልሞ ይታያል። ከመሬት በታች ግን ሥሩ ስኳር አጥቶ እየተራበ ነው። ዛፉ ሲደርቅ ሰው ድርቅ ነው፣ በሽታ ነው ይላል፤ የገደለው ግን ያ ቀለበት ነው።

የእኛ ደጋ ዛፍ ጥቁር እንጨት በዚህ መንገድ ተጎድቷል። ቅርፊቱ የወንዶችን የፕሮስቴት ዕጢ ሕመም ለማስታገስ ለሚሠራ መድኃኒት በአውሮፓ ስለሚፈለግ፣ በካሜሩንና በማዳጋስካር ደኖች ዛፉ ከላይ እስከ ታች እየተላጠ ብዙው ደረቀ። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1995 ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፅዋት መዝገብ ገባ። ፖርቱጋሎች ግን የቡሽ ዛፋቸውን በዘጠኝ በዘጠኝ ዓመት ይልጡታል፤ ዛፉም ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል። ልዩነቱ የሚያነሡት የውጭውን የሞተ ክፍል ብቻ መሆኑ ነው፤ ሕያው የሆነውን አይነኩም። እጃቸው ወሰኑን ያውቃል።

ከዚሁ ቡሽ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ሕዋስን ለመጀመሪያ ጊዜ በማጉያ አይቶ ስም ሲሰጠው፣ ያየው በስሱ የተቆረጠ ቡሽ ነበር። የሥነ ሕይወት ትምህርትሽ በሙሉ የተጀመረው ከቅርፊት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። «ክኒን» የምንለው ቃልም ከኪኒን የመጣ ነው፤ ኪኒን ደግሞ ከደቡብ አሜሪካው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የተገኘ የወባ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ፋርማሲስቶች ከቅርፊቱ ለይተው አወጡት። እኛ ዛሬ ራስ ምታት ማስታገሻውንም ሁሉንም ክኒን እንላለን።

4. የመሬትን ቅርፊት ከአፈር ጋር አታምታቺ።

«የመሬት ቅርፊት» ሲባል ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚያስቡት የሚረግጡትን አፈር ነበር። አየር ጤና አካባቢ መሠረት ሲቆፈር አይተሻል፤ ጥቁሩ ዋልካ ተቆፍሮ ይወጣና በሰሌክት ይሞላል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሜትር ውስጥ ነው። የመሬት ቅርፊት ግን በእኛ ደጋ ሥር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርጂ እየሳሳ ይሄዳል፤ በሰሜን አፋር፣ በደናክል ዝቅተኛ ቦታ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር በታች ነው። ከውቅያኖስ ሥር ያለው በአማካይ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከምድር ገጽ እስከ መሐሏ 6,371 ኪሎ ሜትር መሆኑን ካሰብሽ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባሻል።

«ማን ቆፍሮ አየው?» ብለሽ ብትጠይቂ ደስ ይለኛል። ማንም አላየውም። ሶቪየቶች በኮላ ልሳነ ምድር እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ1989 የደረሱት 12,262 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ የቅርፊቱን ሲሶ ገደማ ብቻ አልፈው ሙቀቱ አቆማቸው። የቅርፊቱን ወለል ያገኘው የክሮኤሺያው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ነው፤ ያገኘውም ያለ ቁፋሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 በአገሩ የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያጠና፣ አንዳንዱ ሞገድ ከሚጠበቀው ቀድሞ ወደ ሩቅ ጣቢያዎች መድረሱን አየ። ከታች ሞገድ የሚፈጥንበት ሌላ ዐይነት ዐለት እንዳለ ከዚህ ተረዳ። ከዚያ ወሰን በላይ ያለው ቅርፊት፣ ከታች ያለው ማንትል ይባላል። በእኛም አገር የቅርፊቱ ውፍረት የታወቀው በዚሁ መንገድ፣ ሞገድ በማዳመጥ ነው። ለዚህ መሠረት የጣሉት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ናቸው፤ የአራት ኪሎውን የጂኦፊዚክስ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1957 አቋቁመዋል።

5. ከየት ወገን እንደሚያድግ ጠይቂ።

ልጄ፣ ከሁሉ በላይ ይህን ያዢልኝ። ሁለቱ ቅርፊቶች የሚመሳሰሉት ሽፋን በመሆናቸው ነው፤ የሚለያዩት ግን በአስተዳደጋቸው ነው።

ያቺን ያስያዝኩሽን ዓረፍተ ነገር አምጪያት። የዛፍ ቅርፊት አዲሱ የሚጨመርለት ከውስጥ ነው። ስለዚህ በግንድ ላይ የምትነኪው የውጭው ንብርብር ከቅርፊቱ ሁሉ ያረጀው ነው። አሁን ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርጂ በመንገዱ ዳር ያለውን ዐለት አስቢ። ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ቅልጥ ዐለት በስንጥቅ እየወጣ በአገሩ ላይ የፈሰሰ ነው። ከእሱ በታች ባሕር በነበረበት ዘመን የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ከዚያም በታች ከእሱ የሚያረጅ የአሸዋ ድንጋይ አለ። እዚህ አዲሱ የተጨመረው ከላይ ነው፤ ያረጀው ከታች ነው። የዛፉን ሕግ ይዘሽ አባይ በረሃ ብትወርጂ የአገርሽን ታሪክ ከኋላ ወደ ፊት ታነቢዋለሽ። ከሥርም የሚጨመር እንዳለ ግን አትርሺ፤ ወደ ላይ ሳይወጣ እዚያው ጥልቅ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ቅልጥ ዐለት ቅርፊቱን ያወፍረዋል። ከውቅያኖስ ሥር ያለው ደግሞ ወደ ጎን ነው የሚያድገው፤ መሐሉ ላይ ይሠራል፣ ግራና ቀኝ ይገፋል።

መሰንጠቁም እንዲሁ ነው። የዝግባ ወይም የግራር ቅርፊት የሚሰነጠቀው ግንዱ ከውስጥ እየወፈረ የሞተውን ሽፋን ስለሚገፋው ነው። ምድር ግን እየወፈረች አይደለም። በአፋር መሬት የሚሰነጠቀው ሁለት ወገን እየተራራቀ ስለሆነ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ ላይ በሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፈተ፤ ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰርጎ ገብቶበት አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ የተነሣው መንቀጥቀጥም ከዚሁ ወገን ነበር፤ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ሌሊት ከእንቅልፍ ሲቀሰቅስ እንደነበር ታስታውሻለሽ። መሬት በአንድ ቦታ እንዲህ ስትከፈት በሌላ ቦታ የውቅያኖስ ወለል ወደ ማንትል ይሰምጣል፤ ሒሳቡ ይተካካል።

የቃል ምስል ሊቃውንትንም አሳስቷል። በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ ዙስ ያሉ ታላላቅ ሰዎች ምድር እየቀዘቀዘች ስትሄድ ትኮማተራለች፤ ተራሮችም በቅርፊቷ ላይ የወጣ መጨማደድ ናቸው ይሉ ነበር። በየመጽሐፉ የሚጠቀሰው ምሳሌ የደረቀ ፖም ልጣጭ ነበር። ምሳሌው ስላማረ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። አልፍሬድ ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ወደ ጎን ይሄዳሉ ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የውቅያኖስ ወለል ከተጠና በኋላ ነው። ይህን የምጽፍልሽ እነዚያን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም። እኔ አከብራቸዋለሁ። ስም ሲመሳሰል ሥራውም ይመሳሰላል ብሎ መገመት ለሁላችንም ቅርብ መሆኑን እንድታዪ ብዬ ነው።

6. ፕሌትን ቅርፊት አትበዪው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ እንኳ ይህ ስሕተት ነጥብ ያስቀንሳል። አህጉራትን ተሸክሞ የሚንቀሳቀሰው ፕሌት ቅርፊቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ጠንካራ የማንትል ክፍል ጨምሮ የያዘ ነው፤ ውፍረቱ ብዙ ቦታ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኮርቴክስ የሚለው ቃልም እንዲሁ ያሳስታል። በላቲን ቅርፊት ማለት ነው፤ ሐኪሞች ለአንጎልና ለኩላሊት የውጭ ክፍል ይሉታል። የዕፅዋት መምህርሽ ግን በግንድና በሥር ውስጥ ከቆዳው ቀጥሎ ያለውን ለስላሳ ክፍል ነው ኮርቴክስ የምትልሽ። የዛፉን ቅርፊት ማለቷ አይደለም።

7. የቦታ ስምም ያሳስታል።

በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ስለደረሰው የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ስታነቢ የእኛን ክፍለ ከተማ ካራ ቆሬ እንዳታስቢ። ያ ከደብረ ሲና በስተሰሜን፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ካራ ቆሬ ነው። ማጀቴ የፈረሰችው ያኔ ነው።

8. ሁለቱን ቅርፊቶች በአንድ ቀን እዪ።

ከኮልፌ ወደ ምዕራብ ስታዪ ወጨጫ ተራራ ይታይሻል። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። በጀርባው በኩል የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂና ጥዱን በእጅሽ ዳሺው፤ ቅርፊቱ በቁመቱ እንደ ስስ ክር ይገሸለጣል። አትላጪው፤ የወደቀውን አንሺ። ከሥሩ ያለውን ድንጋይም አንሥተሽ እዪው። ትራካይት ይባላል፤ ከአባይ ባዛልት ይልቅ ወፍራምና ዝልግልግ ሆኖ የወጣ ቅልጥ ዐለት የቀዘቀዘበት ነው። ከላይ የምታዪው ለስላሳ ገጽ ዝናብና አየር የቀየሩት ነው፤ ብትሰብሪው ውስጡ ሌላ ቀለም አለው። ያንን የተለወጠ ሽፋንም አንዳንዱ ሰው ቅርፊት ይለዋል፤ ሦስተኛ ትርጉም ነው፣ በማስታወሻሽ ለየት አድርገሽ ጻፊው።

ዕድል ከገጠመሽ ደግሞ እስከ ጎንደር ሂጂ። ጭልጋ ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ደን በእሳተ ገሞራ አመድ ተቀብሮ ግንዱ ድንጋይ ሆኗል። በሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆም 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው ቅጠሎች በሐይቅ ደለል ውስጥ ተጠብቀው ተገኝተዋል። ከአመድ የሟሟ ሲሊካ በውሃ ተወስዶ በግንዱ ሕዋሳት ውስጥ ሲሞላ ሕዋሱ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል፤ በማጉያ የዛፉ ዐይነት እስከ መለየት ይደርሳል። የሚተርፈው ግን ብዙ ጊዜ እንጨቱ ነው። ቅርፊቱ ቀድሞ ይረግፋል። ግንዱ ዛፍም ድንጋይም ስለሆነ ዕፅዋት አጥኚና ዐለት አጥኚ አብረው ሲሠሩ ታገኚያቸዋለሽ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይችልም።

9. አራት ኪሎ ስትገቢ ሁለቱንም በር አንኳኪ።

የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሐርባሪየምም የጂኦሎጂውም ክፍል እዚያው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ናቸው። ሐርባሪየሙ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የዘረዘረው ትልቅ ሥራ የተሠራበት ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 አልቋል፣ ከስዊድን የኡፕሳላ ሊቃውንት ጋር። እዚያ የደረቀ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ስለየዛፉ ቅርፊት መልክ የተጻፈ ታገኛለሽ፤ ቅጠሉ ከፍ ብሎ ለማይደረስበት ዛፍ መለያው እሱ ነው። በሁለቱም በር «እናንተ ቅርፊት የምትሉት ከየት ወገን ያድጋል? ከሥሩ ምን አለ? ሲሰነጠቅ ምን ሰንጥቆት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በእንግሊዝኛ ይነግሩሻል፤ አንቺ በአማርኛ ጻፊው። ማታ ታናሽ ወንድምሽን አስቀምጠሽ አስረጂው፤ እሱ ያልገባው ቦታ ላይ ምልክት አድርጊና በማግሥቱ ተመልሰሽ ጠይቂ።